ለቀብር የማይደርስ የአንድ ሰዓት መንገድ

ስልካችሁን አውጡና በኤርፖርቶች መካከል ያለውን ርቀት ከሚያሰሉ ገጾች በአንዱ ላይ ሁለት ስም ጻፉ። መነሻ፦ አዲስ አበባ፣ ቦሌ። መድረሻ፦ አስመራ። ዓይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ መልሱ ይመጣል፦ ርቀት 700 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ የበረራ ጊዜ አንድ ሰዓት ከሩብ አካባቢ።

ስሌቱ አልተሳሳተም። ችግሩ እንዲህ የሚባል በረራ አለመኖሩ ነው። ገጹ የሚያውቀው የሁለት ነጥቦችን አቀማመጥና የአንድ ጄት አማካይ ፍጥነት ብቻ ነው። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ሰማይ ማን እንደዘጋው፣ መቼ እንደተዘጋና ስንት ሰው ከወዲህና ከወዲያ ሆኖ እንደሚጠብቅ ማንም አልነገረውም።

ካርታ ላይ ማስመሪያ አስቀምጣችሁ ሁለቱን ከተሞች ብታገናኙ መስመሩ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አያዘነብልም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ነው የሚሄደው። ሰሜን ሸዋን አልፎ፣ ወሎን አቋርጦ፣ ላሊበላን ትንሽ በስተቀኝ ትቶ፣ በዓድዋ አናት በኩል አድርጎ፣ መረብን ተሻግሮ አስመራ ይገባል። ሁለቱም ኤርፖርቶች ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተሠሩ ናቸው። ከደጋ ተነስቶ ደጋ ማረፍ ነው። እንዲህ ባለ አጭር መስመር አብራሪው ከፍታውን ይዞ ብዙም ሳይቆይ መውረድ ይጀምራል፤ አስተናጋጆቹ ሻይና ቡናውን አዙረው ሳይጨርሱ «ቀበቶ እሰሩ» ይባላል።

ዛሬ ግን ከአዲስ አበባ አስመራ መሄድ የሚፈልግ ሰው ይህን መንገድ አያገኘውም። በዱባይ ወይም በካይሮ መዞር አለበት። ከአዲስ አበባ ዱባይ 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዱባይ አስመራ ደግሞ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲደመር 4,500 ይሆናል፤ ከቀጥታው መንገድ ስድስት እጥፍ በላይ። በካይሮ ቢሄድም ብዙ አያተርፍም፤ 4,300 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠብቀዋል። ካርታውን አይቶ ለሚያስተውል ሰው ደግሞ የካይሮው ይብሳል። ካይሮ ከአስመራ በስተሰሜን ስለሆነች መንገደኛው መድረሻውን አልፎት ከሄደ በኋላ ነው ወደ መድረሻው የሚመለሰው። ከፒያሳ ተነስቶ አራት ኪሎ ለመድረስ በሜክሲኮ አድርጎ በቦሌ እንደመዞር ነው።

በዱባይ በኩል አየር ላይ ብቻ ከሰባት ሰዓት ያላነሰ ይጠፋል። በዚያ ላይ የትራንዚት ጥበቃ አለ። የሁለት በረራ ዋጋ አለ። ቀጣዩ በረራ በማግስቱ ከሆነ የማደሪያ ጉዳይ አለ። አንድ ሰዓት ከሩብ የነበረው ጉዞ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን ይሆናል።

*

እኛ ዘንድ ርቀት የሚለካበት ሌላ መለኪያም አለ። ለቅሶ ነው።

ቀብር አይጠብቅም። ሰው ጠዋት ካረፈ ከሰዓት፣ ማታ ካረፈ በማግስቱ ይቀበራል። ስለዚህ ዘመድ የሚኖርበት አገር ቅርብ ነው ወይስ ሩቅ የሚለው ጥያቄ በተግባር ሲተረጎም «ለቀብር ይደረሳል ወይስ አይደረስም?» ማለት ነው። ባሕር ዳር ለቀብር ይደረሳል። ጅማ ይደረሳል። ድሬዳዋ ይደረሳል። በርቀት ብቻ ቢሆን አስመራም ይደረስ ነበር።

አንዲት የሰባ ዓመት እናት እናስብ። የሚኖሩት አዲስ አበባ ነው፤ ታናሽ እህታቸው አስመራ ናቸው። እንዲህ ዓይነት ቤተሰብ ፈልጎ ለማግኘት ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ ካሳንቺስም መርካቶም ሞልቷል። አንድ ሌሊት ስልክ ይደወላል። ሰባት መቶ ኪሎ ሜትሩ ክፍት ቢሆን ኖሮ ልጆቻቸው በማለዳ ቦሌ ይወስዷቸው፣ እርሳቸውም ከረፋዱ ላይ እህታቸው ቤት ይደርሱ ነበር። አልቅሰው ይቀብሩ ነበር። አሁን ግን ልጆቻቸው የትኬት ዋጋ ሲያጠያይቁ፣ የትራንዚት ሰዓት ሲያሰሉ፣ «በዚህ ዕድሜያቸው ዱባይ ኤርፖርት ብቻቸውን እንዴት ያድራሉ?» እያሉ ሲጨነቁ ቀብሩ ያልፋል። ሰልስቱም ያልፋል። ከሆነላቸው ለአርባው ይደርሳሉ። ካልሆነላቸው ድንኳኑ አዲስ አበባ ይተከልና ሬሳ በሌለበት ለቅሶ ይቀመጣሉ።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይላል ተረቱ። አስመራ ለአዲስ አበባ ዘመድም ናት፣ ጎረቤትም ናት። ሁለቱንም ሆና ከሁለቱም ያራቃት መልክዓ ምድር አይደለም፤ ሰው የወሰነው ውሳኔ ነው። ሰው የወሰነውን ደግሞ ሰው ሊያሻሽለው ይችላል።

*

የዚህ መስመር ነገር ከአየር መንገዱ ልደት ጋር የተያያዘ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነበር። መድረሻው ካይሮ ነው። በመንገድ ላይ ያረፈው ግን አስመራ ነበር። ዛሬ በአምስት አህጉር የሚበርረው አየር መንገድ ከቦሌ ኤርፖርት በፊት፣ ከጄት ዘመን በፊት፣ ወደ አስመራ ይበር ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ግንቦት 1990 መጣ። የድንበሩ ጦርነት በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የኢትዮጵያ ጄቶች የአስመራን ኤርፖርት፣ የኤርትራ ጄቶች ደግሞ መቀሌን ደበደቡ። መቀሌ ላይ በአይደር ትምህርት ቤት ሕፃናት አለቁ። በረራው ቆመ። ስልኩም ተቆረጠ። በጦርነቱ ወቅት ከሁለቱም አገሮች በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተባረሩ ወይም ለመውጣት ተገደዱ። ባል ወዲያ፣ ሚስት ወዲህ የቀሩበት ቤት ብዙ ነው።

የአልጀርሱ ስምምነት ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. ተፈረመ። ሰማዩ ግን አልተከፈተም። ነገሩ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደነበር ለመረዳት የተባበሩት መንግሥታት የሰላም አስከባሪ ኃይል የገጠመውን ማየት ይበቃል። ተልእኮው በሁለቱ ዋና ከተሞች መካከል መመላለስን ይጠይቅ ነበር። ይሁን እንጂ ሁለቱ መንግሥታት አውሮፕላኑ በየት በኩል ይብረር በሚለው ላይ መስማማት ስላቃታቸው የሰላም አስከባሪው አውሮፕላን ለረጅም ጊዜ በጅቡቲ በኩል እየዞረ ይሄድ ነበር። የሚያስታርቅ ሽማግሌ እንኳ በቀጥታ እንዳያልፍ የተደረገበት መንገድ ነው።

ቤተሰብም የራሱን ዘዴ ፈለገ። አንዱ ከአዲስ አበባ፣ ሌላው ከአስመራ ተነስቶ በሦስተኛ አገር ይገናኝ ነበር። ስልክም በውጭ በሚኖር ዘመድ በኩል ነበር የሚደወለው። መርዶ ከአስመራ ተነስቶ በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ ዞሮ አዲስ አበባ የሚደርስበት ጊዜ ነበር። እንዲህ እየተባለ ሃያ ዓመት ሞላ።

*

ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ሲመጣ ነገሩ ሁሉ በአሥር ቀን ተለወጠ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሐምሌ 1 አስመራ ገቡ፤ በማግስቱ የሰላም መግለጫው ተፈረመ። ፕሬዚዳንት ኢሳይያስ አፈወርቂ ሐምሌ 7 አዲስ አበባ መጡ። ስልክ ተከፈተ፤ በዚያ ሰሞን አስመራ ውስጥ ማንንም የማያውቁ ሰዎች በግምት ቁጥር እየደወሉ «እንዴት ናችሁ?» ይሉ ነበር። ሐምሌ 11 የመጀመሪያው የመንገደኞች በረራ ተነሳ። የተሳፋሪው ብዛት ለአንድ አውሮፕላን ስለበዛ ሁለት አውሮፕላን በተከታታይ ነበር የሄደው። በአውሮፕላኑ መተላለፊያ ላይ ሰዎች ሲጨፍሩ፣ አስመራ ኤርፖርት ላይ ሲተቃቀፉና ሲያለቅሱ ዓለም በቴሌቪዥን አየ።

ከዚያ ቀን ሊያዝ የሚገባው ቁም ነገር አንድ ነው። ሃያ ዓመት «አይቻልም» የተባለው ነገር ከመሪዎቹ መገናኘት በኋላ የጠየቀው አሥር ቀን ብቻ ነበር። አዲስ ኤርፖርት አልተሠራም። አዲስ ቴክኖሎጂ አልመጣም። አውሮፕላኑም፣ ማኮብኮቢያውም፣ ተሳፋሪውም ቀድሞ ነበር። የጎደለው ፈቃድ ነበር።

ደስታው ግን መሠረት ሳይጣልለት ቀረ። መስከረም 1 ቀን 2011 በዛላምበሳና በቡሬ በኩል የተከፈቱት የየብስ መንገዶች በወራት ውስጥ ተመልሰው ተዘጉ። በረራው፣ የኮቪድ ጊዜው መቋረጥ እንዳለ ሆኖ፣ ስድስት ዓመት ያህል ተንገዳግዶ ቆየ። ሐምሌ 2016 ላይ የኤርትራ ሲቪል አቪዬሽን በሐዳስ ኤርትራ ጋዜጣ ባወጣው ማስታወቂያ አየር መንገዱ ከመስከረም 20 ቀን 2017 ጀምሮ እንዳይበር ከለከለ። ምክንያቱን ሲዘረዝርም የሻንጣ መጥፋትንና ስርቆትን፣ መዘግየትን፣ የዋጋ ንረትን ጠቀሰ። አየር መንገዱ ቀኑ እስኪደርስ አልጠበቀም፤ ነሐሴ 28 ቀን 2016 በረራውን አቆመ። ከአቅሜ በላይ የሆነ አስቸጋሪ የሥራ ሁኔታ ገጥሞኛል አለ። በኤርትራ ባንክ ያለውን ገንዘቡን ማንቀሳቀስ እንዳልቻለም ኃላፊው ተናገሩ።

*

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ወገን ይይዛል። አንዱ «ሻንጣ ሲጠፋ ዝም ይባል ወይ?» ይላል። ሌላው «ገንዘቡን ተይዞበት በነፃ ይብረር ወይ?» ይላል። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። ነገር ግን ሁለቱም በየትኛውም የአየር መስመር ላይ የሚነሱ የንግድ ጥያቄዎች እንጂ የጦርነትና የሰላም ጥያቄዎች አይደሉም። የትኬት ሽያጭ ገንዘብ በውጭ ምንዛሪ እጥረት ምክንያት ታግዶ መቆየት በብዙ አገሮች ያለ ችግር ነው። ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር፣ አያታ፣ የአየር መንገዶችን ገንዘብ ይዘው ቆይተዋል ብሎ በሚያወጣው ዝርዝር ላይ ኤርትራም ኢትዮጵያም ስማቸው ሰፍሯል። ሆኖም በዚያ ዝርዝር ያለ አገር ሁሉ ሰማዩን አልዘጋም፤ በድርድር፣ በክፍያ መርሐ ግብር፣ በሦስተኛ ወገን ባንክ ሲፈቱት ይታያል። ሻንጣም ቢሆን በካሣና በቁጥጥር የሚፈታ ነገር ነው።

እነዚህ ተራ ጥያቄዎች እዚህ መስመር ላይ ሲደርሱ የማይፈቱት የሕጉ አሠራር ስለሚፈቅድ ነው። በ1944 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የቺካጎ ስምምነት እያንዳንዱ አገር በአየር ክልሉ ላይ ሙሉ ሥልጣን አለው ይላል። መደበኛ የመንገደኞች በረራ ያለ ባለአገሩ ፈቃድ አይደረግም። ስለዚህ በሁለት ኤርፖርቶች መካከል ያለ በረራ ሁሉ የሁለት መንግሥታት ፈቃድ ውጤት ነው። መንግሥታት ሲኳረፉ መጀመሪያ ከሚዘጉት በሮች አንዱ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ለመዝጋት ቀላል ነው። አንድ ደብዳቤ ይበቃል። የሚከፍለው ደግሞ ደብዳቤውን የጻፈው ባለሥልጣን አይደለም።

ይህ ደግሞ ድንበር በሚለያያቸው አገሮች ብቻ የሚደርስ አይደለም። ከአዲስ አበባ መቀሌ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የአንድ ሰዓት በረራ ነው። ጥቅምት 2013 በተጀመረው ጦርነት ወቅት ያ መስመር ተዘጋ፤ ተመልሶ የተከፈተው ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ነው። አንድ ዓመት ተኩል ያህል በአንድ አገር ውስጥ ያለ የአንድ ሰዓት መንገድ ከቶሮንቶም ከሲድኒም የራቀ ሆኖ ነበር። የመጀመሪያው አውሮፕላን መቀሌ ሲያርፍ የታየው ለቅሶና እልልታ ሐምሌ 2010 አስመራ ላይ ከታየው አይለይም። ዘመዱ በሕይወት ይኑር አይኑር ሳያውቅ የሄደ ሰው ብዙ ነበር።

*

«ሌላው ዓለምስ?» ለሚል መልስ አለ፤ መልሱም የሚያጽናና ነው።

ግብፅና እስራኤል ከካምፕ ዴቪድ በኋላ ሰላም ቢፈራረሙም ፍቅር አልነበራቸውም። የግብፁ አየር መንገድ በራሱ ስምና ዓርማ ቴል አቪቭ መታየትን አልፈለገም። በረራውን ግን አልዘጉትም። በ1982 እ.ኤ.አ. «ኤር ሲናይ» የሚባል ድርጅት አቋቁመው ያለ ዓርማ በነጭ አውሮፕላን ካይሮና ቴል አቪቭን ለአሥርት ዓመታት አገናኙ። የግብፅ አየር መንገድ በራሱ ስም መብረር የጀመረው በ2021 ነው። ኩርፊያውም ቀጠለ፣ በረራውም ቀጠለ።

ከዚህ የበለጠ የሚመስለን ግን የታይዋንና የቻይና ነገር ነው። ከታይፔ ሻንጋይ ያለው ርቀት 700 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ አቅጣጫውም እንደ አዲስ አበባና አስመራ ከደቡብ ወደ ሰሜን ነው። ሁለቱ ወገኖች አንዱ የሌላውን መንግሥትነት አይቀበሉም። ለረጅም ጊዜ መንገደኛው በሆንግ ኮንግ ወይም በማካው ይዞር ነበር። የተከፈተው እንዴት ነው? በአንድ ጊዜ አይደለም። በ2003 ለጨረቃ አዲስ ዓመት ብቻ ልዩ በረራ ተፈቀደ፤ እሱም ሆንግ ኮንግ ወይም ማካው አርፎ የሚሄድ ነበር። በ2005 ሳያርፍ እንዲሄድ ተፈቀደ። በሐምሌ 2008 የቅዳሜና እሑድ በረራ ሆነ። በታኅሣሥ 2008 የየዕለት በረራ ሆነ። እስከ ዛሬ በፖለቲካው አልተስማሙም፤ አያት ግን የልጅ ልጁን ሊጠይቅ ይሄዳል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። መጀመሪያ ፖለቲካው ይፈታ፣ ከዚያ በረራው ይከተላል ማለት ሰውን ለሌላ ሃያ ዓመት መቅጣት ነው። በረራው ከፖለቲካው ተለይቶ፣ በትንሹ፣ በበዓል ሊጀመር ይችላል።

በዓል ደግሞ እዚህ አልጠፋም። ገናና ጥምቀት፣ ትንሣኤና መስቀል በሁለቱም ከተሞች በአንድ ቀን ይከበራሉ። ኢድም እንዲሁ። ለእነዚህ በዓላት ብቻ በዓመት ጥቂት ልዩ በረራዎች ቢፈቀዱ ማንን ይጎዳል? አየር መንገዱ የሁለቱ አገር መሆኑ ካስቸገረ ሁለቱ የሚስማሙበት የሦስተኛ አገር አውሮፕላን ይብረር። የገንዘቡ ነገር ካስቸገረ ትኬቱ በሦስተኛ አገር ባንክ ይከፈል። ማንም ማንንም ሳያምን የሚሠራ አሠራር ነው፤ ኤር ሲናይም የተመሠረተው በመተማመን አልነበረም። ቅድሚያው ለሽማግሌዎች፣ ለሕሙማንና ለቅሶ ለሚሄድ ይሁን።

«ጦርነት ይነሳል እየተባለ ስለ በዓል በረራ ይወራል?» የሚል ይኖራል። በጣም ትክክለኛው ጊዜ ይኸው ነው። ሰው የሚመላለስበትን ሰማይ ለጦርነት ማዘጋጀት ባዶ ሰማይን ከማዘጋጀት ይከብዳል። በየሳምንቱ አንድ አውሮፕላን ሙሉ አሮጊትና ሽማግሌ በሚያልፍበት መስመር ላይ ስለ ሮኬት ማውራት ቢያንስ ያሳፍራል።

«ኤርትራዊው የመውጫ ፈቃድ ካልተሰጠው በረራው ቢኖር ምን ይጠቅመዋል?» የሚልም ይኖራል። እውነት ነው፤ በረራ ብቻውን ሁሉን አይፈታም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ የሚሄደው ሰው ይደርሳል። ከሁለት የተዘጉ በሮች አንዱ ሲከፈት ግማሽ መንገድ ተሄደ ማለት ነው። ሁለቱንም ዘግቶ «ያኛው ስለተዘጋ ነው» ማለት ግን ለማንም አይበጅም።

*

ወደ ሰባ ዓመቷ እናት እንመለስ። ከእርሳቸው ጋር የሚኖር የልጅ ልጅ አለ እንበል፤ ስልክ የሚነካካ። አያቱ «አስመራ ስንት ሰዓት ነው በአውሮፕላን?» ብለው ይጠይቁታል። ልጁ ይጽፍና ያነብላቸዋል፦ «አንድ ሰዓት ከሩብ፣ እማዬ»። እርሳቸው ያውቁታል፤ በ2011 ለፋሲካ ሄደው እህታቸው ቤት ዶሮ በልተው ተመልሰዋል። ሻይ ሳይጨርሱ እንደደረሱ እስከ ዛሬ ያወራሉ።

ልጁ ግን ትኬት ፈልግ ሲባል ሌላ ቁጥር ነው የሚያገኘው። ሁለት አውሮፕላን፣ አንድ ሌሊት፣ አራት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር። የትኛው ነው እውነተኛው ርቀት ብሎ ቢጠይቅ ሁለቱም እውነት ናቸው። የመጀመሪያው እግዜር የሠራው ነው። ሁለተኛው ሁለት መንግሥታት የሠሩት። የመጀመሪያውን ማንም አይለውጠውም፤ ሁለተኛውን ግን ሐምሌ 2010 ላይ በአሥር ቀን ሲቀየር አይተነዋል።

አሁንም አሥር ቀን ይበቃል። እህታማቾቹ ግን ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፤ ቀብርም አይጠብቅም።